የቃሊቲ ጎዳናና የመኪና ልጥፍ ነገር

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ከለገሐር በቀላል ባቡር ተሳፍረው ወደ ደቡብ ቢወርዱ፣ ላንቻንና ንፋስ ስልክን ተሻግረው፣ ሳሪስንና የአቦን መገንጠያ አልፈው፣ ባቡሩ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብሎ የሚቆምበት ሰፈር ቃሊቲ ነው። መስመሩ ለሕዝብ የተከፈተው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ይህን መንገድ ያወቅነው በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ታክሲ ተጨናንቀን፣ ከከባድ መኪናዎች ጭስ ጋራ እየተጋፋን ነበር። ዛሬም ቢሆን ቃሊቲን በደንብ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከባቡሩ ወርዶ በጎዳናው ዳር በእግሩ ቢጓዝ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም የሰፈሩ ጌጥ ያለው በሕንጻዎቹ ላይ ሳይሆን በጎዳናው በሚመላለሱት መኪናዎች ገላ ላይ ነው።

«ቃሊቲ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ማረሚያ ቤቱ እንደ ሆነ እናውቃለን። የሰፈሩ ስም ከግቢው ጋራ እንዲህ ተጣብቆ ስለ ቀረ፣ የቃሊቲ ልጅ ነኝ የሚል ወጣት በሌላ ሰፈር «መቼ ተፈታህ?» እየተባለ ይቀለድበታል። ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ በቀላሉ አይላጥም። ድሮ ወኅኒ ቤት ይባል የነበረው ማረሚያ ቤት ከተባለ ዘመን ቢቆጠርም፣ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ወኅኒ ይሉታል፤ ከእነርሱም መካከል ከኢጣልያንኛ የተወረሰውን «ከርቸሌ» የሚመርጡ አሉ። ዋናው ከርቸሌ፣ «ዓለም በቃኝ» የተባለው፣ ፈርሶ በቦታው በጥር 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ጽሕፈት ቤት ተመርቋል፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወጣም። በዚያው በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የቃሊቲ እስር ቤት በስምንት ዞን የተከፈለ መሆኑን መነሻ አድርገው ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ብለው የሰየሙ ወጣት ጸሐፊዎች ተነሡ፤ ከግቢው ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ዞን ነው ማለታቸው ነበር። ይህን ያህል ስለ ስም ከተናገርን ይበቃል፤ የዛሬው ጉዳያችን በእጅ ስለሚዳሰሰው ልጥፍ ነው።

ቃሊቲ የመኪና አገር ነው። የጉምሩክ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት በዚያ ይገኛል፤ የአውቶቡስ መናኸሪያም አለ፤ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ጭነት ሲያስገቡና ሲያስወጡ ይውላሉ፤ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ የሚያወርደው መንገድም የሚያልፈው በዚያው ነው። የእስረኛ ጠያቂው በፌስታልና በምሳ ዕቃ ምግብ ይዞ ከሚኒባስ ይወርዳል፤ ከጎኑ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ያልፋል፤ ከኋላው አይሱዙ ጥሩምባውን ይነፋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ለጥቂት ጊዜ ከጥላ ሥር ቆመው የሚያልፉትን መኪናዎች ያንብቡ። ያንብቡ ማለታችን በቁሙ ነው። በአንዱ በር ላይ የመልአክ ሥዕል፣ በሌላው ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ምስል፣ በሦስተኛው ላይ የአርሴናል መድፍ፣ በኋላ መስተዋት ላይ «በርቀት ይከተሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያያሉ። ከሚኒባሶቹ መካከል ከጃፓን ሲመጣ የተጻፈበትን የድርጅት ስም እስካሁን የተሸከመ ይገኛል፤ ባለቤቱም ረዳቱም ትርጉሙን አያውቁትም፤ ምናልባት የልብስ ንጽሕና መስጫ ይሆናል፣ ምናልባትም የዓሣ ነጋዴ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው ነጩ የመሥሪያ ቤት መኪና ነው። በሁለቱ የፊት በሮች ላይ የአንድ ፕሮጀክት ዓርማ፣ ከሥሩም የረጂው ድርጅት ስም ተለጥፎበታል። ፕሮጀክቱ አምስት ዓመት ኖሮ ያልቃል፤ መኪናው በርክክብ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፤ አዲሱ ኃላፊም «ይህ ዓርማ ይነሣ» ብሎ ያዝዛል። ትእዛዙ ከኃላፊ ወደ ስምሪት ክፍል፣ ከስምሪት ክፍል ወደ ሹፌሩ፣ ወይም በቅርቡ ተቀጥሮ ገና የሥራ ስልት በመማር ላይ ወዳለው ወጣት ይወርዳል። ወጣቱም ምላጭ ይገዛል። መከራው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ በማግሥቱ በሩ ላይ የዶሮ ጫሪ የመሰለ መስመር ይገኛል፣ የንብረት ክፍልም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ስለ ከበደ፣ የተጫረ በር እንደ ቀልድ የሚታይ አልሆነም። የጨረታ ገዢ ገና ሞተሩን ሳያስነሣ ዐይኑን የሚጥለው በቀለሙ ላይ ነውና።

ምላጩ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ቀለሙ ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የመኪና ቀለም ስንል አንድ ነገር ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንደ ጋቢ ድርብ ነው። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት የሚከላከል ሥረ ቀለም አለ፤ በእርሱ ላይ ሸካራውን የሚያስተካክል ሌላ ይቀባል፤ ከዚያ ዐይናችን የሚያየው ነጭ ወይም ሰማያዊ ይመጣል፤ በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ ከሁሉ በላይ እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ይደረብበታል። አራቱም ተደምረው ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙ አይርቅም፤ ይኸውም በቢሯችን ከምንጽፍበት አንድ ቅጠል ወረቀት ጋራ የሚቀራረብ ነው። የጠራው ሽፋን ብቻውን የዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ምላጭ የያዘ እጅ የሚሠራው በዚህ ቅጠል ላይ ነው፤ ጥቂት ቢያዘነብል ጠርዙ ከዓርማው ሥር ገብቶ ሽፋኑን ይቆርጣል።

መስተዋት ሌላ ነው። ሹፌሮቻችን ምላጭን የተማሩት ከመስተዋት ይመስለናል፤ ከኢጣልያንኛ የተወረሰውን ስም የያዘው ቦሎ በየዓመቱ በፊት መስተዋት ላይ ይለጠፋል፤ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ምልክትም በአጠገቡ ይለጠፋል፤ የዓመቱ ሲያልፍ ያለፈው በእርጥብ ጨርቅ ተነክሮ በምላጭ ይፋቃል፤ መስተዋቱም ምንም አይሆን። ያ እጅ ከመስተዋቱ ወደ በሩ ሲሻገር ግን ያንኑ ልማድ ይዞ ይሻገራል። (በነገራችን ላይ የጋራዥ አማርኛችን እኩሌታው ኢጣልያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ማርሽ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ እያልን ስንናገር የማን ቋንቋ እንደ ሆነ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።)

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ይህ ቀለም የፋብሪካ ነው ወይስ የጋራዥ? ፋብሪካው ገና ጎማና ወንበር ያልገባለትን ባዶ ላሜራ በምድጃ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በእጅጉ በሚያልፍ ሙቀት ስለሚጋግረው ቀለሙ ይጠነክራል። ጋራዥ ግን የተገጣጠመ መኪና እንዲህ ሊያሞቅ አይችልም፤ ላስቲኩና የኤሌክትሪክ ገመዱ ይቀልጣሉ። በብዙ ግቢ ደግሞ ምድጃም የለም፤ የተቀባው መኪና በአየርና በፀሐይ ይደርቃል። እንዲህ ያለው ቀለም ለዐይን አንድ ቢሆንም ለልጥፍ ሙጫ አንድ አይደለም፤ ሙጫው ከቀለሙ ጋራ የተያያዘው ቀለሙ ከብረቱ ጋራ ከተያያዘው ይበልጥ ከሆነ፣ ልጥፉ ሲሳብ ቀለሙን አብሮ ይዞ ይነሣል።

ይህን ለመለየት የቃሊቲ ቀለም ቀቢዎችም ሆኑ የየትም አገር ባልደረቦቻቸው የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። በጣትዎ አንጓ በሩን ከጥግ እስከ ጥግ እያንኳኩ ያዳምጡ፤ ባዶ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ እንደ ግድግዳ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ቢያስጠጉም ስቱኮው ካለበት ላይ በደካማው ይይዛል፣ ወይም ይወድቃል። ይህን ሥራ አይናቁት። ብዙ ጊዜ ልጥፉ በዚያ ቦታ የተለጠፈው ለጌጥ ሳይሆን ግጭት የነካውን ለመሸፈን ነውና፣ መልአኩ ወይም ኳስ ተጫዋቹ ሲነሣ ከሥሩ የተሰነጠቀ ስቱኮ ብቅ ይላል። እንዲህ ከሆነ ልጥፉን ትተውት የመኪናውን ባለቤት አስቀድመው ማነጋገር ይሻላል፤ በኋላ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ከመባል ያድናል።

አሁን ወደ ሙጫው እንምጣ። ልጥፉ የሚሠራው ከስስ ላስቲክ ሲሆን፣ ላስቲኩን እንዲለሰልስ የሚያደርገው ውስጡ የተጨመረ ቅባት ነው። ፀሐይ ይህን ቅባት ቀስ በቀስ ያወጣዋል፤ ላስቲኩም እንደ ደረቀ እንጀራ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ሲነኩትም ይፈረፈራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጎጂ ጨረር አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚጨምር፣ በፈረንጅ አገር ብዙ ዓመት ይኖራል የተባለ ልጥፍ እዚህ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ ዓርማው መነሣቱ ካልቀረ አይቆዩ። የሁለት ዓመት ልጥፍ እንደ ሙዝ ልጣጭ በአንድነት ይነሣል፤ የአሥር ዓመቱ ግን እንደ ጥፍር በትንሽ በትንሹ እየተሰበረ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል።

የደረቀውን ሙጫ የሚያለሰልሰው ሙቀት ነው፤ ብዙ ሙቀት አይደለም። እጅዎ ለአፍታ ብቻ ሊታገሠው የሚችለው፣ ማለት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ያለው ይበቃል። የፀጉር ማድረቂያ ቢኖር አንድ ጣት ርዝመት ያህል አርቀው እያዟዟሩ ያሙቁት፤ በአንድ ቦታ አያቁሙት። ቀለም ለማቃጠል የተሠራውን የእሳት መንፊያ መሣሪያ ግን አይቅረቡ፤ በላስቲክ መከላከያ ላይ ደግሞ የፀጉር ማድረቂያውንም በጥንቃቄ ይያዙ፣ ላስቲኩ ከላሜራው ቀድሞ ይጣመማልና። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ የነከረ ፎጣ በልጥፉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማስተኛት ነው። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው፤ ከጀበና ወደ ፎጣ፣ ከፎጣ ወደ በር እስኪደርስ የሚቀረው ሙቀት ለሙጫው ልክ ነው፤ ለእጅዎ ግን አይሆንም፣ ፎጣውን በጓንት ይያዙ።

ከዚህ ሁሉ የረከሰ ምድጃ ደግሞ አለ። መኪናውን ዓርማ ያለበት ጎን ወደ ፀሐይ እንዲዞር አድርገው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያቁሙት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ብርዱ ገና ሳይለቅ የሚደረግ ልጣጭ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙጫው እንደ ብርጭቆ ደርቆ ሳለ ላስቲኩ ይሰበራል። ሹፌሮች ሥራ ከመግባታቸው በፊት ጧት በ1 ሰዓት ሊጨርሱት ስለሚሞክሩ ብዙዎቹ መኪናዎች የሚጎዱት በዚያች ሰዓት ይመስለናል።

ሲሞቅ ጫፉን በጥፍርዎ ያንሡ፤ ጥፍር ካልበቃ አሮጌ የባንክ ካርድ ወይም ሌላ የላስቲክ ካርድ ይውሰዱ። ከዚያ እጅዎ ወደ ራስዎ አይጎትት፤ ይህን ያስታውሱ። ብዙ ሰው ልጥፉን ከበሩ ቀጥ አድርጎ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ያ ኃይል ቀለሙን ከብረቱ የሚያነሣ ኃይል ነው። ልጥፉን በራሱ ላይ አጥፈው፣ በላሜራው ላይ ተኝቶ እንዲሄድ አድርገው፣ በቀስታ ይሳቡት። ቀስታው ለጨዋነት አይደለም፤ ሙጫ በፍጥነት ሲጎትቱት ይበልጥ የሚይዝ፣ ሲታገሡት ግን ራሱ እየተለጠጠ የሚለቅ ነገር ስለ ሆነ ነው። የሚሰነጠቅ ድምፅ ከሰሙ ያቁሙና እንደ ገና ያሙቁ። አንድ የበር ዓርማ እንዲህ ሲደረግ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ አይደነቁ፤ በምላጭ ቢሆን አምስት ደቂቃ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን የቀለም ቀቢ ሦስት ቀን ይከተላል።

አንዳንዱ ጉዳት ግን በላጩ ሳይሆን በለጣፊው ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ጥቂት ልጥፍ ቤቶች ላስቲኩን በጠረጴዛ ላይ ከመቁረጥ ይልቅ በበሩ ላይ ለጥፈው ዙሪያውን በምላጭ ይከረክሙታል። ከዓመታት በኋላ ልጥፉ ሲነሣ፣ የፊደሎቹ ዳር በቀጭን መስመር ተቆርጦ ይገኛል፤ ክረምትም ውሃ በዚያ ገብቶ ዝገት ዘርቷል። ይህን የሚያድን ልጣጭ የለም። መሥሪያ ቤትዎ አዲስ ዓርማ ሲያስለጥፍ ቆመው የሚያዩ ከሆነ፣ ምላጩ ከበሩ እንዳይደርስ መከልከል መብትዎ ነው።

ላስቲኩ ከሄደ በኋላ የሚቀረው የሚያጣብቀው ቢጫ ሙጫ ነው። ወጣት ረዳቶች ወዲያው ቤንዚን ወይም ቲነር ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱንም ይመልሱ። ቲነር ቀለም ለማቅጠን የተሠራ ነው፤ በጋራዥ በተቀባ በር ላይ ያንኑ ሥራውን ይሠራል፣ ቀለሙን ያቀልጠዋል። ቤንዚንም ለጤናም ለእሳትም ክፉ ነው። በመጀመሪያ ከራሱ ከሙጫው አንድ ጠብታ ጠቅልለው ክብ አድርገው፣ በቀረው ላይ እየጫኑ ያንሡት፤ ሙጫ ሙጫን ይወዳልና ብዙው በዚህ ይነሣል። ለተረፈው የምግብ ዘይት ቀብተው ሩብ ሰዓት መተው አንዱ መንገድ ነው፤ ዘይት ዝግ ያለ ነው፣ ቀለም ግን አይነካም። ዘይቱ ካልበገረው በጨርቅ ጫፍ የነካ ነጭ ጋዝ ይረዳል። ነጭ ጋዙን ከመንካትዎ በፊት ማድረቂያውን ያጥፉ፣ በአጠገብ የከሰል ምድጃ ወይም ሲጋራ አይኑር፤ ከዚያም ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይጠቡት።

ይህንም ቢሆን አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩ፤ የነዳጅ መክደኛው ውስጥ ወይም የበሩ ታችኛ ጠርዝ ጥሩ ነው። ነጭ ጨርቅ ይጠቀሙ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከወጣ፣ በላዩ የጠራ ሽፋን የሌለው፣ ወይም ገና ያልጠነከረ የጋራዥ ቀለም አግኝተዋልና ከዘይትና ከሳሙና አይለፉ። አሮጌ ላዳዎችና ቮልስዋገኖች እንዲህ ያለ ቀለም አላቸው።

ይህ የልጥፍና የቀለም ጠብ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1920ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ አገር ባለ ሁለት ቀለም መኪና የሰው ሁሉ ምኞት ነበር። ቀቢዎቹ አንዱን ቀለም ከሌላው ለመለየት ወረቀት በጠንካራ ሙጫ ይለጥፉና፣ ሲያነሡት ትኩሱ ቀለም አብሮ ይነሣባቸው ነበር። በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ሦስት ኤም ለተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ድሩ የሚባል ወጣት የብርጭቆ ወረቀት ናሙና ይዞ ወደ አንድ ጋራዥ ሲገባ፣ ቀቢዎቹ በዚህ ነገር ሲራገሙ ሰማ። ሥራው የብርጭቆ ወረቀት ነበር እንጂ ሙጫ አልነበረም፤ እርሱ ግን በዚያ ርግማን ላይ ብዙ ጊዜ አሳልፎ፣ በ1925 በቀስታ የሚይዝና ያለ ጉዳት የሚነሣ የወረቀት ፕላስተር ሠራ። እንደሚተረከው፣ ሙጫው በዳርና በዳር ብቻ የተቀባውን የመጀመሪያውን ናሙና ሲያመጣ አንዱ ቀቢ ተናድዶ፣ ሙጫ የሚቆጥቡት አለቆቹን ገብጋባነት በሚያመለክት ቃል «ስኮች» ብሎ ሰደባቸው፤ ስድቡም የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ። እኛም ዛሬ የቢሮ ደብዳቤ ስንለጥፍ «ስኮቹን አቀብለኝ» የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። በቃሊቲ ጋራዥ በር ላይ ቆመው መስተዋቱና መብራቱ በወረቀት የተሸፈነ መኪና ካዩ፣ የሚያዩት ያንን የድሩን ፕላስተር ነው።

አሁን ሥራው ያለቀ ይመስላል። በሩ ንጹሕ ነው፣ ሙጫ የለም፣ ጭረት የለም፤ ሆኖም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ሲመለከቱ የፕሮጀክቱ ስም ከነዓርማው ይነበባል! ወጣቱ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ እንደ ገናም መፋቅ ይጀምራል። የሚፋቅ ነገር ግን የለም። ልጥፉ የተሸፈነበት ቀለም እንደ ዱሮው ሆኖ ሲቆይ፣ ዙሪያው ለዓመታት ፀሐይና አቧራ ስለ ጠጣ ነው የደበዘዘው። ይህን ጥላ በልጥፉ ቦታ ላይ በመሥራት ማጥፋት አይቻልም፤ ጤነኛው እርሱ ነው። መሠራት ያለበት ያረጀው ዙሪያ ነው።

የዙሪያው ሥራ በመኪና ማወልወያ ቅባት ይሠራል፤ እርሱም በውስጡ እጅግ የላመ አሸዋ የመሰለ ነገር ስላለው የላይኛውን የሞተ ቀለም ያነሣል። በእርጥብና ለስላሳ ጨርቅ፣ ከጥላው ርቀው ጀምረው ወደ ጥላው እየተጠጉ፣ በሩን በሞላ በአንድ ዓይነት ጫና ያሹት። ቅባቱ ሲጠፋ በጥርስ ሳሙና የሚሠሩ አሉ፤ ለትንሽ ቦታ ይሆናል፣ ለሙሉ በር ግን መልኩ ወጣ ገባ ስለሚሆን አንመክርም። የብርጭቆ ወረቀትማ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ያስታውሱ፣ ማወልወል ሁሉ ከዚያች ቅጠል ወረቀት ላይ ጥቂት ይወስዳል፤ በየወሩ የሚወለወል መኪና ቀለሙን ወደ ጨርቁ ሲያዛውር ይኖራል። ጥላው ከአንድና ከሁለት ጊዜ በኋላ ሩቡ ካልጠፋ፣ ከብርሃን የመጣ መደብዘዝ እስከ ታች ዘልቋልና እዚያው ይተዉት። ነጭ መኪና ላይ ይህ ብዙም አይታይም፤ በቀይና በሰማያዊ ላይ ግን ክፉኛ ይታያል።

የመልአክ ወይም የታቦት ሥዕል ያለበትን ልጥፍ ስለ ማንሣት አንድ ነገር እንጨምር። ሹፌሩ ሥዕሉ እንዲነሣ ቢፈቅድም፣ በምላጭ ፊቱን ሲፍቁት ቆሞ ሊያይ አይወድም፤ የተላጠውም በመንገድ ወድቆ እንዲረገጥ አይፈልግም። ከጫፍ ጀምሮ በሙቀት በአንድነት ማንሣት እዚህ ላይ ለቀለሙ ብቻ ሳይሆን ለሰውየውም ክብር ነው፤ በአንድነት የተነሣው ሥዕልም በወረቀት ላይ ተለጥፎ ቤት ሊገባ ይችላል። በሥራው የሠለጠኑ ሰዎች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል።

በተላጠው ቦታ አዲሱን የመሥሪያ ቤት ዓርማ መለጠፍ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በሩ እንደ ገና ካልተቀባ በዚያው ቀን መለጠፍ ይቻላል። ከተቀባ ግን ቀለሙ ውስጡ የቀረውን ቲነር እስኪያወጣ ድረስ ጥቂት ሳምንታት ይታገሡ፤ አለዚያ ትነቱ ከላስቲኩ ሥር ታፍኖ ውሃ እንደ ቋጠረ ቁስል ይነፋዋል፣ ወደፊት ሲነሣም ቀለሙን ይዞ ይነሣል።

የቃሊቲ ሚኒባስ ነጂዎች ግን ይህን ሁሉ አይጠብቁም። አንድ ቀን ከመንገድ መውጣት የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ስለ ሆነባቸው፣ የቀድሞው ልጥፍ ጥላ ቢቀርም የሚያወለውሉበት ጊዜ የላቸውም፤ በዚያው ምሽት ከቀድሞው በአራት ጣት የሚተልቅ አዲስ ልጥፍ ገዝተው፣ በጥላው ላይ ልክ አድርገው ለጥፈውበት፣ ጧት በ12 ሰዓት «ሳሪስ፣ ላንቻ፣ ለገሐር!» ብለው ይጣራሉ።